የማላውቀው ዳታቤዝ ውስጥ ስገባ፦ ስለ ፒኤስኪውኤል

ከመጀመሪያው ልናገረውና ልገላገል፦ ፒኤስኪውኤል፣ የፖስትግረስ ዳታቤዝ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም፣ ረጅም ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚቀርብ ጥያቄ) ለመጻፍ ምርጥ መሣሪያ አይደለም። ሃያ መስመር ኩዌሪ ተርሚናል ላይ መጻፍ ያደክማል፤ መሃል ላይ የቀረች ኮማ ፍለጋ በቀስት ወደ ኋላ መሄድ ደግሞ የባሰ ነው። እኔ ይህን ፕሮግራም የምወደው ለሌላ ነገር ነው። ሌላ ሰው ሠርቶት የሄደውን፣ ሰነድ የሌለውን፣ የሚጠየቅ ሰው የማይገኝበትን ዳታቤዝ ገብቶ ለማየት። ለዚህ ሥራ ከሞከርኳቸው ሁሉ የሚስተካከለው አላገኘሁም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ፤ የሚያናድደኝንም አልደብቅም።

ሥራዬ ሌሎች የተዉትን ሲስተም ተረክቦ ማስቀጠል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠኝ የሰርቨሩ አድራሻ፣ አንድ ዩዘርኔምና ፓስወርድ ብቻ ነው። «ሰነዱስ?» ስል «ኮዱ ራሱ ሰነድ ነው» ይሉኛል። ሰርቨሩ ደግሞ በኤስኤስኤች (ከርቀት በጽሑፍ ትእዛዝ) ብቻ የሚገባበት ስለሚሆን መስኮት ከፍቶ በማውዝ መዞር የለም። ፒኤስኪውኤል ግን የፖስትግረስ አካል ስለሆነ ፖስትግረስ ባለበት ማሽን ላይ አላጣውም ማለት ይቻላል። ክፍያ የለው፣ አካውንት ክፈቱ አይል፣ ለማዘመን በየሳምንቱ አይነተርክ።

ዕድሜውም ቀላል አይደለም። ፖስትግረስ እ.ኤ.አ. በ1986 በርክሌይ ውስጥ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲጀመር ኤስኪውኤል፣ ዛሬ የተለመደውን የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ፣ አይናገርም ነበር፤ የራሱ የመጠየቂያ ቋንቋ ነበረው። በ1994 አንድሪው ዩ እና ጆሊ ቼን ኤስኪውኤልን ሲያስገቡለት፣ ሞኒተር የሚባለውን አሮጌ ፕሮግራም የሚተካ አዲስ የትእዛዝ መስመር ፕሮግራምም አብሮ መጣ። እሱ ነው ፒኤስኪውኤል። ከጂኤንዩ ሪድላይን፣ የሚጻፈውን መስመር ከሚያስተካክለው ላይብረሪ፣ ጋር የተጋባው ያኔውኑ ነው፤ ዛሬ ኮንትሮል አር ተጭነን የድሮ ኩዌሪያችንን የምንፈልገው፣ ታብ ተጭነን የሰንጠረዥ ስም የምናስጨርሰው በዚያ ጋብቻ ነው።

የፕሮግራሙ የራሱ ትእዛዞች ሁሉ በባክስላሽ ይጀምራሉ፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ፣ ሁለት የላቲን ፊደል ይከተላል። እዚህ በአፍ እንደምንጠራቸው እጽፋቸዋለሁ፤ \ዲቲ ስል ባክስላሽ፣ ዲ፣ ቲ ማለቴ ነው።

ገብቼ የማደርገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። \ኤል ብዬ ሰርቨሩ ላይ ያሉትን ዳታቤዞች አያለሁ፤ ባለቤታቸውንና ኢንኮዲንጋቸውን ጭምር። \ሲ ብዬ ወደምፈልገው እሻገራለሁ። ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው በቀጥታ \ዲቲ ብሎ የሰንጠረዥ ዝርዝር ይጠይቃል። እኔ መጀመሪያ \ዲኤን እላለሁ፤ ስንት ስኪማ (ሰንጠረዦች የሚመደቡበት ክፍል) እንዳለ ለማወቅ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አንድ ጊዜ «ይሄ ዳታቤዝ ባዶ ነው እንዴ?» ብሎ ጠራኝ። \ዲቲ ብሎ «ምንም አልተገኘም» ተብሏል።

«\ዲኤን ብለሃል?»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሰንጠረዦቹ በሙሉ ሌላ ስኪማ ውስጥ ነበሩ። ፒኤስኪውኤል ዝም ብላችሁ ስትጠይቁት የሚያሳያችሁ በፍለጋ መንገዳችሁ ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ይህ መንገድ ሌላ ነገር ካልተነገረው ፐብሊክ የሚባለውን ስኪማና በዩዘሩ ስም የተሰየመ ካለ እሱን ብቻ ያያል። \ዲቲ ብላችሁ የስኪማውን ስም፣ ነጥብና ኮከብ ካስከተላችሁ የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ሌላም ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ የምትሰጡትን ስም ወደ ትንሽ ፊደል ይለውጠዋል፤ አንዳንድ የፕሮግራም ማዕቀፎች ደግሞ በትልቅና በትንሽ ፊደል የተቀላቀለ ስም ያለው ሰንጠረዥ ይፈጥራሉ። እዚያው ዝርዝሩ ላይ እያያችሁት \ዲ ስትሉት «የለም» ይላል። ስሙን በድርብ ትምህርተ ጥቅስ ካልከበባችሁት አይሰማም።

አሁን ወደ \ዲ ልግባ፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢቀር ለዚህች ትእዛዝ ብቻ ፕሮግራሙን አልተውም።

የክፍያ ሲስተም ተረክቤ የሒሳብ ሠራተኞቹ የሚያነሱት ቅሬታ አንድ ነበር፦ የደረሰኝ የመክፈያ ቀን ሳይነኩት ይለወጣል። ከኮዱ ውስጥ ቀኑን የሚቀይር መስመር ተፈልጎ አልተገኘም። እኔ ወደ ኮዱ ሳልሄድ \ዲ ኢንቮይስ አልኩ።

ከላይ ኮለሞቹ ይወጣሉ፤ ስም፣ ዓይነት፣ ባዶ መሆን ይችል እንደሆነ፣ ሳይሞላ ሲቀር ምን እንደሚገባበት። እዚያው ሁለት ነገር ዓይኔን ያዘው። የገንዘቡ ኮለም ድርብ ፕሪሲዥን ነው፤ ማለትም ሳንቲምን በትክክል መያዝ የማይችል የተንሳፋፊ ነጥብ ቁጥር፣ ኒውመሪክ መሆን ሲገባው። የሰዓቱ ኮለም ደግሞ የሰዓት ቀጠና የሌለው ነው። ሁለቱንም ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩና ወረድኩ።

ቀጥሎ ኢንዴክሶቹ። ኢንዴክስ የፍጥነት ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ያንብበው። አንደኛው ኢንዴክስ «ዩኒክ» ነበር፤ በደንበኛና በወር ላይ፣ ግን በስተመጨረሻው «ስታተስ 5 ካልሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። በአንዲት መስመር ሁለት የሥራ ደንብ ተጽፏል። አንድ ደንበኛ በአንድ ወር አንድ ደረሰኝ ብቻ ይኖረዋል፤ 5 የሚባለው ስታተስ ደግሞ ከቁጥር የሚወጣ፣ የተሰረዘ መሆን አለበት። ማንም አልነገረኝም፤ ዳታቤዙ ነው የነገረኝ። ከሥር ያለው የቼክ ገደብ ስታተሱ 0፣ 1፣ 2 እና 5 ብቻ ሊሆን እንደሚችል ይላል። 3 እና 4 የት ሄዱ? አንድ ዘመን ነበሩ፣ ከዚያ ተሰረዙ ማለት ነው። የገደቡ መስመር መጨረሻ ላይ «ኖት ቫሊድ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ደግሞ ገደቡ አዲስ ለሚገባው ብቻ እንደሚሠራ፣ አሮጌው ዳታ እንዳልተፈተሸ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ግራፊክ መሣሪያ ላይ ለማግኘት ሦስት ጊዜ ክሊክ ማድረግ ይኖርባችኋል፤ መጀመሪያ ደግሞ መኖሩን መጠርጠር አለባችሁ።

ከዚያ ፎሬይን ኪዮቹ (ወደ ሌላ ሰንጠረዥ የሚያያይዙት)፤ ይህ ሰንጠረዥ ማንን እንደሚጠራ። ቀጥሎ ደግሞ ግልባጩ፤ እሱን ማን እንደሚጠራው። ይህ ግልባጭ ወርቅ ነው። የሰንጠረዡን አፈጣጠር ጽሑፍ ብታነቡ የሚታያችሁ የመጀመሪያው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ማን በእሱ ላይ እንደተደገፈ እዚያ አልተጻፈም። እኔ ሦስት ሰንጠረዦች አገኘሁ፤ አንደኛው ዋናው ሲሰረዝ አብሮ እንዲሰረዝ በካስኬድ የታሰረ ነው። የክፍያዎቹ ሰንጠረዥ ነበር እሱ። አንድ ደረሰኝ የሰረዘ ሰው የክፍያ ታሪኩንም አብሮ ያጠፋል ማለት ነው። ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጻፍኩት።

መጨረሻ ላይ ትሪገሮቹ፤ ዳታ ሲነካ ዳታቤዙ በራሱ የሚያስኬዳቸው። አንድ መስመር፦ ከማሻሻል በፊት፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ፣ ይህን ፋንክሽን አስኪድ። \ኤስኤፍ ብዬ የፋንክሽኑን ስም ሰጠሁት፤ ሙሉ ጽሑፉን አወጣልኝ። ስታተሱ ወደ 1 ሲቀየር የመክፈያ ቀኑን በዛሬ ቀን ተካ ይላል። አለቀ። ኮዱ ውስጥ ቢፈለግ የማይገኘው ለዚህ ነበር፤ ኮዱ ውስጥ የለም። ማን፣ ለምን እንደጻፈው እስከ ዛሬ የሚያውቅ አልተገኘም።

ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ለማየት ያልኩት \ዲ እና \ኤስኤፍ ብቻ ነው። ግራፊክ መሣሪያዎች ይህንኑ መረጃ በታብ ከፋፍለው ያስቀምጡታል፤ አንዱ ታብ ኮለም፣ አንዱ ኢንዴክስ፣ አንዱ ትሪገር። ያልከፈታችሁትን ታብ አታዩትም። \ዲ ግን ሳትጠይቁት ሁሉንም በአንድ ገጽ ይዘረግፈዋል፤ እንዳይሠራ የተደረገ ትሪገር ካለ እንኳን ለብቻው ለይቶ ያወጣዋል። የመደመር ምልክት ጨምራችሁ \ዲ+ ካላችሁ ደግሞ ሠሪዎቹ በኮለሞቹ ላይ የጻፉትን ማብራሪያ ያሳያል፤ የጻፉ እንደሆነ ነው እንግዲህ። እኔ በተረከብኳቸው ላይ ይህ ቦታ ባዶ መሆኑን ለምጄዋለሁ።

የፕሮግራሙ ትልቁ ችሎታ ግን ይህ አይደለም ብዬ አምናለሁ። በትልቁ ኢ ባንዲራ (ፕሮግራሙ ሲከፈት ከስሙ ቀጥሎ የሚጻፍ አማራጭ) ክፈቱትና \ዲቲ በሉ። ከዝርዝሩ በፊት አንድ ኩዌሪ ይታያችኋል። በባክስላሽ የሚጀምሩት የማሳያ ትእዛዞች ከበስተጀርባቸው ተራ ሴሌክት፣ ማለትም ዳታ የሚያነብ ኩዌሪ፣ ናቸው። \ዲቲ ፒጂ ክላስ ከሚባል ሰንጠረዥ ላይ ስም ያነባል፤ ስኪማውን ለማወቅ ፒጂ ኔምስፔስ ከሚባለው ጋር ያያይዘዋል (ጆይን ያደርጋል)፤ ሬልካይንድ የሚባለው ኮለም «አር» ወይም «ፒ» የሆነውን ይመርጣል። አር ተራ ሰንጠረዥ ነው፣ ፒ በፓርቲሽን የተከፋፈለ። ቪው ቢሆን «ቪ»፣ ኢንዴክስ ቢሆን «አይ»፣ ማቴሪያላይዝድ ቪው ቢሆን «ኤም» ይሆናል። በስተመጨረሻው ሰንጠረዡ በፍለጋ መንገዱ ላይ ይታይ እንደሆነ የሚጠይቅ ፋንክሽን አለ። ያ ልጅ ዳታቤዙ ባዶ የመሰለው በዚያች መስመር ነው።

ኤድጋር ኮድ ሪሌሽናል ሞዴሉን አይቢኤም ሳለ እ.ኤ.አ. በ1970 ጽሑፍ አድርጎ አወጣ። በ1985 ደግሞ ራሱን ሪሌሽናል ብሎ የሚጠራ ሲስተም ሊያሟላ የሚገባውን ደንብ ዘረዘረ፤ አራተኛው፣ ዳታቤዙ ስለ ራሱ የሚይዘው መረጃ እንደ ሌላው ዳታ በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ በዚያው ቋንቋም ይጠየቅ ይላል። ይህን ደንብ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ግን በትልቁ ኢ የተከፈተ ፒኤስኪውኤል ላይ \ዲ ብዬ አንዱ ኩዌሪ ከአንዱ ሥር ሲደረደር ሳይ ነው። መጀመሪያ የሰንጠረዡን መለያ ቁጥር ፈልጎ ያገኛል፣ በዚያ ቁጥር ኮለሞቹን ይጠይቃል፣ ከዚያ ኢንዴክሶቹን፣ ከዚያ ገደቦቹን፣ ከዚያ ትሪገሮቹን። ዳታቤዙ ራሱን የሚያውቅበት መንገድ ፊት ለፊታችሁ ተዘርግቶ ይታያል።

ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ አንድ የሚያናድድ ጉድለት አለው፤ በሁሉም ሰንጠረዦች ውስጥ ኮለም በስሙ የሚፈልግ ትእዛዝ የለውም። ሰንጠረዥ በስም ይፈለጋል፣ ፋንክሽን በስም ይፈለጋል፣ ኢንዴክስም እንዲሁ። ኮለም አይፈለግም። የደንበኛ ቁጥር በየትኞቹ ሰንጠረዦች ውስጥ አለ የሚለው ደግሞ ባዕድ ዳታቤዝ ላይ መጀመሪያ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ይህን ለምን እንዳልጨመሩት አይገባኝም። ግን የ\ዲን ስውር ኩዌሪ ቀድታችሁ የሰንጠረዡን ገደብ አውጥታችሁ በምትኩ የኮለሙን ስም ብታስገቡ የራሳችሁ ፍለጋ ይኖራችኋል። ኮለሞች በሚመዘገቡበት፣ ፒጂ አትሪቢዩት በሚባለው ሰንጠረዥ ላይ ያሉትን ሁለት ሁኔታዎች አትንኩ፦ የኮለሙ ተራ ቁጥር ከዜሮ በላይ የሆነ፣ የተጣለ ያልሆነ። የመጀመሪያው የሲስተሙን የራሱን ኮለሞች ያስወጣል። ሁለተኛው ድሮ የተሰረዙትን ያስወጣል፤ ፖስትግረስ ኮለም ስትጥሉ መዝገቡን አያጠፋውም፣ እንደተጣለ ምልክት ያደርግበታል እንጂ። ስውሩን ኩዌሪ ሳያይ በራሱ የጻፈ ሰው እነዚህን ሁለቱን ይስታል። እኔ ይህን ፍለጋ በተለዋዋጭ መልክ በማስጀመሪያ ፋይሌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሁለት ነጥብና ስሙን ስጽፍ ይሮጣል።

ሁለተኛው ጉድለት የረድፍ ብዛት ነው። \ዲቲ+ የሰንጠረዦቹን መጠን በዲስክ ላይ ያሳያል፣ ስንት ረድፍ እንዳላቸው ግን አይነግርም። ያው መፍትሔ ይሠራል፤ ፒጂ ክላስ ውስጥ ሬልታፕልስ የሚባል ኮለም አለ፣ ግምት ይዟል። ግምቱ ቫኪዩም ወይም አናላይዝ የሚባሉት የጥገና ትእዛዞች በሄዱ ቁጥር ይታደሳል። አዲስ በተፈጠረና ገና ባልተጠና ሰንጠረዥ ላይ አሉታዊ አንድ ብታዩ አትደንግጡ፤ ከስሪት 14 ወዲህ «እስካሁን አልታወቀም» ማለት ነው። ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ለመለየት ግምት ይበቃል፤ ቢሊዮን ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ላይ ቁጠር ብሎ መጠበቅ ግን የሌላውን ሰው ሥራ ማደናቀፍ ነው።

ስለ አወጣጡ። ሰፊ ሰንጠረዥ ላይ ሁሉንም ኮለም ስትጠይቁ ስክሪኑ ላይ መስመሩ እየታጠፈ የማይነበብ ጥልፍልፍ ይሆናል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ተስፋ ቆርጦ የሚሄደው እዚህ ጋ ነው፤ አልፈርድበትም። መድኃኒቱ ሁለት ነው። \ኤክስ ኦቶ ብትሉ፣ የማይበቃውን ራሱ አውቆ ረድፉን ወደ ታች ይዘረጋዋል፤ ኮለሙ በግራ፣ ዋጋው በቀኝ። ሌላው ገጽ ማገላበጫውን ሌስ ማድረግና በትልቁ ኤስ ባንዲራ ማስኬድ ነው፤ መስመር አይታጠፍም፣ በቀስት ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ። ከዚህም የተሻለ የሚፈልግ የፓቬል ስቴሁሌን ፒኤስፒጂ ይሞክር፤ ወደ ቀኝ ስትሄዱ የመጀመሪያው ኮለም ከቦታው አይነቃነቅም።

ባዶ ዋጋ ሌላ ጣጣ ነው። ነል እና ባዶ ጽሑፍ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ ምንም ናቸው። ዳታውን ለመረዳት የገባ ሰው ይህን ልዩነት ካላየ ምን አየ? \ፒሴት ነል ብላችሁ አንድ ምልክት ስጡት። ይህ ከመጀመሪያውኑ የበራ መሆን ነበረበት።

የሜሞሪውም ነገር አለ። ሴሌክት ብላችሁ ገደብ ሳታደርጉ ትልቅ ሰንጠረዥ ከጠራችሁ፣ ፒኤስኪውኤል መልሱን በሙሉ ወደ ራሱ ሜሞሪ ካልሰበሰበ አንድ መስመር አያሳይም። ፌች ካውንት የሚባለውን ተለዋዋጭ አንድ ሺህ ብታደርጉት ቁራጭ በቁራጭ ያመጣል፤ መነሻው ግን ዜሮ፣ ማለትም ሁሉንም ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። የማይኤስኪውኤል ደንበኛ ፕሮግራም በመቃኘት ከፒኤስኪውኤል ያንሳል፤ ሾው ቴብልስ እና ዲስክራይብ ብላችሁ የምታገኙት የሰንጠረዥና የኮለም ዝርዝር ነው፤ ከቀረው ብዙውን ለማየት ሾው ክሪኤት ቴብል ብላችሁ ጽሑፉን ማንበብ አለባችሁ፣ ማን በእሱ ላይ እንደተደገፈም አይነግርም። አንድ ነገር ግን ይበልጣል፤ እነዚህ ትእዛዞች የሰርቨሩ ናቸው፣ ከየትኛውም ፕሮግራም ብትልኳቸው ይሠራሉ። የፒኤስኪውኤል ባክስላሾች ከፒኤስኪውኤል ውጭ አይሠሩም፤ በሌላ ፕሮግራም ውስጥ \ዲቲ ብትሉ የሰዋስው ስህተት ነው የሚመለስላችሁ። ኤስኪውላይት፣ ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው፣ ትእዛዞቹ በነጥብ ይጀምራሉ፤ ነጥብ ቴብልስ፣ ነጥብ ስኪማ። እሱ ላይ የምወደው ሰንጠረዡ የተፈጠረበትን ጽሑፍ ከነአስተያየቱ ማስቀመጡ ነው፤ ሠሪው በቅንፉ መሃል ያስቀመጠው ማስታወሻ ዓመታት ቆይቶም ይነበባል። የፋይሉን ስም ብትሳሳቱ ግን አይነግራችሁም፤ ባዶ ዳታቤዝ ከፍቶ ዝም ይላል። ንባብ ብቻ በሚለው ባንዲራ ብትከፍቱት ይሻላል።

አሁን ወደ አደጋው። ፒኤስኪውኤል ከመነሻው እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው ያጸድቃል። ዲሊት (ሰርዝ) ብሎ ዌሩን፣ የትኛው ረድፍ እንደሚነካ የሚለየውን ገደብ፣ የረሳ ሰው ኢንተር ሲጫን አልቋል፤ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል የለም። የማይኤስኪውኤሉ ፕሮግራም ዌር የሌለውን ዲሊት እንዲከለክል የሚያደርግ ባንዲራ አለው፤ ሁለተኛ ስሙም «እኔ ደደብ ነኝ» ነው፣ ከልቤ። እዚህ ተመሳሳዩ የለም። ስለዚህ ለመቃኘት ስገባ ክፍለ ጊዜውን ከመነሻው ንባብ ብቻ እንዲሆን አድርጌ ነው፤ ዲፎልት ትራንዛክሽን ሪድ ኦንሊ የሚለውን በፒጂ ኦፕሽንስ የአካባቢ ተለዋዋጭ በኩል አበራለሁ። ይህ ጥንቃቄ እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ዩዘሩ ራሱ ሊያጠፋው ይችላል። መቆለፍ ከፈለጋችሁ ከስሪት 14 ጀምሮ ሁሉንም ዳታ ማንበብ ብቻ የሚፈቅድ ዝግጁ ሮል (የመብት ስብስብ) አለ፤ ለቃኚው ዩዘር እሱን ብቻ ስጡት።

ፕሮምፕቱን፣ ከምትጽፉት መስመር በፊት የሚታየውን ምልክት፣ ማንበብም ልመዱ፤ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። የዳታቤዙ ስም ቀጥሎ «=>» ካለ ተራ ዩዘር ናችሁ፣ «=#» ካለ ሱፐርዩዘር ናችሁ፤ ሃሽ ካያችሁ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሡና ለምን በዚህ መብት እንደገባችሁ አስቡ። «-#» ሴሚኮለኑ አልመጣም፣ እየጠበቅኩ ነው ማለት ነው። በእኩል ምልክቱ ፋንታ ነጠላ ጥቅስ ከታየ የከፈታችሁት ጥቅስ አልተዘጋም። ኮከብ ከተጨመረ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም የሚሰረዙ ትእዛዞች) ውስጥ ናችሁ፣ ቃለ አጋኖ ከተጨመረ ትራንዛክሽኑ ተበላሽቷል፣ ሮልባክ (መልስ) እስክትሉ ምንም አይቀበልም። «ምንም ብለው አይሠራም» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያች ምልክት ላይ ነው ያለው።

ከሼሉ ጋር ያለው ዝምድና ሌላው ጥንካሬው ነው። በትልቁ ኤ እና በትንሹ ቲ ባንዲራ ካስኬዳችሁት ሳጥኑንና ርእሱን ጥሎ ጥሬውን ብቻ ያወጣል፤ ወደ ግሬፕ፣ ወደ ሶርት፣ ወደ ኦክ፣ ወደ ሼሉ የጽሑፍ መሣሪያዎች ማስተላለፍ ነው። ከስሪት 12 ወዲህ ሲኤስቪም በቀጥታ ያወጣል። እኔ ብዙ የምጠቀምበት ለማመሳከር ነው፤ የሙከራውንና የዋናውን ሰርቨር የ\ዲ ውጤት ለሙሉ ስኪማ ወደ ሁለት ፋይል አውጥቼ በዲፍ አነጻጽራለሁ። «ሁለቱ አንድ ናቸው» ከተባሉት ውስጥ በእርግጥ አንድ ሆነው ያገኘኋቸው ጥቂት ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ኢንዴክስ ነው።

የሰንጠረዦችን ዝምድና በሥዕል ማየት የሚፈልግ፣ ወይም ሴል ላይ ጠቅ አድርጎ ዋጋ ማረም የለመደ ሰው ግን እዚህ አይደሰትም። ሥዕል የለውም። ለስብሰባ የሚሆን ዲያግራም ሲጠይቁኝ እኔም ግራፊኩን ነው የምከፍተው።

ማስጀመሪያ ፋይሌ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፦ \ኤክስ ኦቶ፣ የነል ምልክት፣ \ታይሚንግ (ኩዌሪ የፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ)፣ የኮለም ፍለጋዬ፣ ታሪኩን ለእያንዳንዱ ዳታቤዝ በተለየ ፋይል የሚያስቀምጥ መስመር፤ መነሻው አምስት መቶ ትእዛዝ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩንም ከፍ አድርጌዋለሁ። ታሪኩ በግልጽ ጽሑፍ ስለሚቀመጥ ፓስወርድ ስትቀይሩ በኤስኪውኤል አትጻፉት፤ \ፓስወርድ የሚባለው ትእዛዝ ሳይታይና ታሪክ ውስጥ ሳይቀር ይቀይራል። በስክሪፕት ስታስኬዱት ደግሞ በትልቁ ኤክስ ባንዲራ ክፈቱት፤ ያኔ ማስጀመሪያ ፋይሉን አያነብም፣ የእናንተ ጌጣጌጥም የሌላውን ሰው ስክሪፕት አያበላሽም።

ለመውጣት \ኪው ነው። ከስሪት 11 ጀምሮ ኩዊት ወይም ኤግዚት ብትሉም ይሰማል።